ጸጥ ያለ ቤት የሣለው ሰው፤ የዮሐንስ ቬርሜር የሕይወት ታሪክ

ከሥነ ሥዕል ክበብ አባሎች የቀረበ

የትምህርት ቤታችንን የምሥረታ በዓል ምክንያት በማድረግ ክበባችን የሥዕል ኤግዚቢሽን ለማዘጋጀት በተነሣ ጊዜ፣ የሥዕል መምህራችን ለሁላችንም አንድ ርእስ ሰጡን። ርእሱም ጸጥ ያለ የቤት ውስጥ ሥዕል የሚል ነበር። ይህን እንደ ሰማን ብዙዎቻችን ሳቅን። እኛ ከጐፋና ከመካኒሳ፣ ከላፍቶና ከጀሞ የምንመጣ ተማሪዎች ነን። ከመካከላችን አንዱ ከአራት ወንድሞቹና እኅቶቹ ጋር በአንድ ክፍል ያድራል፤ አንዲቱ ቤታቸው ከጋራዥ አጠገብ ስለ ሆነ ብረት ሲቀጠቀጥ እየሰማች ታጠናለች፤ ሌላው ደግሞ የሚያነበው እናቱ ሱቅ በሚጠብቁበት ባንኮኒ ላይ ነው። ስለዚህ ጸጥታ በሌለበት ቤት ተቀምጠን ጸጥታን እንዴት አድርገን እንሥላለን ብለን ጠየቅናቸው። መምህራችንም መልስ አልሰጡንም፤ ነገር ግን አንድ የታተመ ሥዕል ከሰሌዳው ላይ ለጠፉና የሠዓሊውን ታሪክ ፈልገን እንድናነብ አዘዙን።

በሥዕሉ ላይ አንዲት የቤት ሠራተኛ ከመስኮት አጠገብ ቆማ ከማንቈርቈሪያ ወደ ድስት ወተት ታንቈረቍራለች። በጠረጴዛው ላይ ዳቦ አለ፤ ከበስተኋላዋ ያለው ግድግዳ ባዶ ነው። ከወተቱ በቀር የሚንቀሳቀስ ነገር አይታይም። እኛም ይህን የሣለው ሰው ሀብታምና ብቸኛ፣ በሰፊ ቤት ውስጥ ያለ ሁከት የኖረ ሰው መሆን አለበት ብለን ተስማማን። ታሪኩን ስናነብ ግን ነገሩ ፈጽሞ የተለየ ሆኖ አገኘነው። ከዚህ በታች ያገኘነውን ለአንባቢዎቻችን እናቀርባለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ልደቱና አስተዳደጉ

ዮሐንስ ቬርሜር የተወለደው በሆላንድ አገር፣ ደልፍት በምትባል ከተማ ሲሆን፣ የተጠመቀውም በኦክቶበር 31 ቀን 1632 ዓ.ም. ነው። ይህ ዓመት በአገራችን ዐፄ ሱስንዮስ ዙፋናቸውን ለልጃቸው ለዐፄ ፋሲለደስ የለቀቁበት ዓመት ነው። እንግዲህ ቬርሜር ገና ሕፃን ሳለ የጐንደር ከተማ እየተቈረቈረች ነበር ማለት ነው።

ደልፍት በመንገዶቿ መካከል የውሃ ቦዮች የሚያልፉባት፣ በነጭና በሰማያዊ የሸክላ ሥራዋ ስሟ የታወቀ ትንሽ ከተማ ናት። የቬርሜር አባት በመጀመሪያ የሐር ጨርቅ ሸማኔ ነበር፤ በኋላ ግን የመጠጥና የእንግዳ ማረፊያ ቤት ከፈተ፤ ከዚያም ጋር ሥዕል ይነግድ ነበር። በ1641 ዓ.ም. በገበያው አደባባይ ዳር አንድ ትልቅ ማረፊያ ቤት ገዛ። ልጁ ዮሐንስ በዚያን ጊዜ ገና የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር። ስለዚህ ይህ በኋላ የጸጥታ ሠዓሊ የተባለ ሰው ያደገው መንገደኛ በሚገባበትና በሚወጣበት፣ ጠጪ በሚጫወትበት ቤት ውስጥ ነው።

በ1652 ዓ.ም. አባቱ ሲሞት ቬርሜር ሃያ ዓመት ያህል ሆኖት ነበር። የሥዕል ንግዱም ከነጣጣው በእርሱ ትከሻ ላይ ወደቀ።

ትዳሩና ቤተሰቡ

በ1653 ዓ.ም. በኤፕሪል ወር ካታሪና ቦልነስ የምትባል ወጣት አገባ። እርሷ የካቶሊክ ሃይማኖት ተከታይ ስትሆን የእርሱ ወገኖች ፕሮቴስታንቶች ነበሩ። የሙሽራዪቱ እናት ማርያ ቲንስ ሀብት ያላት፣ ሥዕልም የምትወድ ሴት ነበረች። በመጀመሪያ ለጋብቻው ፈቃዷን በፊርማ ለመስጠት እምቢ አለች፤ ነገር ግን አልከለክልም በማለት ተወችው። ከጊዜ በኋላ አማቲቱ አማችዋን እየወደደችው ሄደች፤ ልጇንና እርሱንም ወደ ራሷ ቤት አስገብታ አኖረቻቸው።

በዚያው ዓመት በዲሴምበር 29 ቀን ቬርሜር በከተማው የሠዓሊዎች ማኅበር ተመዘገበ። በማኅበሩ ያልተመዘገበ ሰው በከተማዪቱ ሥዕል መሸጥ አይፈቀድለትም ነበር። የመግቢያው ክፍያ ስድስት ጊልደር ነበር፤ ወጣቱ ሠዓሊ ግን ይህን ያህል ገንዘብ ባንድ ጊዜ መክፈል አልቻለም። ጥቂት አስቀድሞ ከፈለና የቀረውን ያጠናቀቀው በ1656 ዓ.ም. ነው። ከእኛ መካከል የመመዝገቢያ ገንዘብ ሳይሞላለት ቀርቶ ያፈረ ተማሪ ካለ ይህን ያስታውስ።

በኦክቶበር 12 ቀን 1654 ዓ.ም. ጧት በደልፍት ላይ ታላቅ መቅሠፍት ወረደ። የመንግሥት ባሩድ የተከማቸበት ቤት ፈንድቶ የከተማዪቱን ብዙ ክፍል አፈረሰ፤ ብዙ ሰዎችም ሞቱ። ከሞቱት መካከል ካሬል ፋብሪቲዩስ የተባለው ሠዓሊ ይገኝበታል። እርሱ የታላቁ የሬምብራንት ተማሪ፣ በርቀት አሣሣልም እጅግ የተራቀቀ ሰው ነበር። ከእርሱ ጋር አብዛኞቹ ሥራዎቹ ጠፉ። ቬርሜር በዚያን ጊዜ ሃያ ሁለት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀናት ቀርተውት ነበር። ከተማዪቱ ከፍርስራሹ ገና ሳታገግም ነው እንግዲህ፣ ያልተሰነጠቀ ግድግዳና ብርሃን የሚገባበት መስኮት መሣል የጀመረው።

ቤቱም ቢሆን ሰላም አልነበረውም። ካታሪና ዐሥራ አምስት ልጆች ወለደች፤ ከእነዚህም አራቱ በሕፃንነታቸው ተቀበሩ። የቀሩት ዐሥራ አንዱ በዚያው በአማቲቱ ቤት አደጉ። ከዚህም በላይ የካታሪና ወንድም ጠበኛ ሰው ስለ ነበረ ወደ ቤቱ እየመጣ ይሳደብና ይደበድብ ነበር። አንድ ጊዜም እርጉዝ የነበረችውን እኅቱን ጫፉ ላይ ብረት በተሰካበት ዱላ ሊመታት ሲቃጣ፣ የቤት ሠራተኛዪቱ መካከል ገብታ አዳነቻት። ይህ ሁሉ በ1666 ዓ.ም. ምስክሮች በሰጡት ቃል በጽሑፍ ሰፍሮ ይገኛል።

ታዲያ ቬርሜር የሚሠራው በዚሁ ቤት ፎቅ ላይ፣ በፊት ለፊት በኩል ባለችው ክፍል ነበር። እርሱ ከሞተ በኋላ የቤቱ ዕቃ ሲመዘገብ፣ በዚያች ክፍል ሁለት የሥዕል ማቆሚያዎች፣ ሦስት የቀለም መቀላቀያ ገበታዎች፣ ዐሥር ሸራዎች፣ አንድ መጻፊያ ጠረጴዛ፣ አንድ ከጠነከረ እንጨት የተሠራ ጠረጴዛና አንዲት ትንሽ ቁም ሣጥን ተገኙ። ዓለም ዛሬ የሚያደንቃቸውን ሥዕሎች ያወጣው መሣሪያ ከዚህ ብዙም አይበልጥም ነበር።

ጸጥታን እንዴት ይሥል ነበር

እዚህ ላይ የመምህራችን ምክንያት ገባን። ጸጥታው በቬርሜር ቤት አልነበረም፤ በመስመሩ፣ በብርሃኑና በቅንብሩ ውስጥ ግን ነበር። ይህንንም በሚገባ ለማስረዳት እንሞክራለን።

መጀመሪያ የርቀት አሣሣልን፣ ማለት ፐርስፔክቲቭ የሚባለውን ሕግ እንመልከት። በረዥም ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ቆመን ወደ ፊት ብንመለከት፣ የመንገዱ ሁለት ዳሮች እየተቀራረቡ ሄደው በሩቅ የሚገናኙ ይመስላሉ። በክፍል ውስጥም እንደዚሁ ነው። ከፊታችን ወደ ኋላ የሚሄዱት የመስኮቱ፣ የጠረጴዛውና የወለሉ መስመሮች ሁሉ ቢቀጠሉ፣ በዓይናችን ከፍታ ላይ ባለች አንዲት ነጥብ ይገናኛሉ። ይህን ሕግ በዐሥራ አምስተኛው መቶ ዓመት የፍሎሬንስ ሊቃውንት አጠኑት፤ አልቤርቲ የተባለውም በ1435 ዓ.ም. በመጽሐፍ አብራራው።

ቬርሜር ይህችን ነጥብ በቀላል ዘዴ ያገኛት ነበር። በሸራው ላይ መስመሮቹ እንዲገናኙበት የሚፈልገውን ቦታ ይመርጥና መርፌ ይሰካበታል። በመርፌው ላይ በጠመኔ የታሸ ክር ያስርና ክሩን ወደ ፈለገበት አቅጣጫ ወጥሮ ጠብ ያደርገዋል። ክሩም በሸራው ላይ ቀጥ ያለ ነጭ መስመር ይተዋል። ግንበኞችና አናጢዎች በሲባጎ ሲያደርጉ ያየነውን ሥራ ይመስላል። የሙዚየም ባለሙያዎች ሥዕሎቹን በመረመሩ ጊዜ የመርፌውን ቀዳዳ ከዐሥር በሚበልጡ ሥራዎቹ ላይ አግኝተዋል። ወተት በምታንቈረቍረው ሴት ሥዕል ላይም ቀዳዳው ከቀኝ እጇ በላይ ይገኛል።

ይህ ስለ ምን ይጠቅማል የሚል ሰው ቢኖር መልሱ ይህ ነው። ዓይን መስመርን ይከተላል። መስመሮቹ ሁሉ ወደ አንድ ቦታ ካመሩ ዓይንም እዚያው ደርሶ ያርፋል፤ እያንዳንዱ መስመር ወደየራሱ ከሄደ ግን ዓይን የሚያርፍበት አጥቶ ይቅበዘበዛል። ዛሬ በዋሽንግተን በሚገኘው፣ ሚዛን የያዘች ሴት በሚታይበት ሥዕሉ ላይ፣ መስመሮቹ የሚገናኙት ሚዛኑን ከያዙት ጣቶቿ አጠገብ ነው። ሚዛኑ ባዶ ነው፤ ሴትዮዋ ዝም ብላ እስኪረጋ ትጠብቃለች፤ ተመልካቹም ሳያውቀው አብሯት ይጠብቃል።

በዚሁ ሥዕል ላይ ሌላም የሚያስደንቅ ነገር አለ። ከሴትዮዋ በስተኋላ ትልቅ ሥዕል በፍሬም ተሰቅሏል። የፍሬሙን የታች ጠርዝ በማስመሪያ ብንለካው ከፊቷ በኩል ያለው ከኋላዋ ካለው ከፍ ብሎ እናገኘዋለን። በእውነተኛ ግድግዳ ላይ እንዲህ ያለ ፍሬም የለም። ቬርሜር ግን ለትንሿ ሚዛን ባዶ ቦታ ይለቅላት ዘንድ ጠርዙን ሆን ብሎ ከፍ አደረገው። እንግዲህ ሕጉን ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው መቼ መተው እንደሚገባውም ያውቃል ማለት ነው።

ሁለተኛው ነገር ቅንብር ነው። ቅንብር ማለት በሥዕሉ ላይ ምን እንደሚገባና የት እንደሚቀመጥ መወሰን ነው። ቬርሜር ብዙውን ጊዜ መስኮቱን በግራ፣ ሰውየውን ወይም ሴትዮዋን በመካከል፣ ጠፍጣፋውን ግድግዳ በስተኋላ ያደርጋል። በቀኝ እጁ ለሚሠራ ሰው ብርሃን ከግራ ሲመጣ የእጁ ጥላ በሥራው ላይ አያርፍም። ከፊት ለፊት ደግሞ ጠረጴዛ፣ ወንበር ወይም መጋረጃ ያስቀምጣል፤ ይህም እኛ ተመልካቾች ከውጭ ቆመን በሥራ ላይ ያለችውን ሴት ሳንረብሽ እንደምናይ ያስመስለናል። የቆሙትና የተጋደሙት መስመሮች ይበዛሉ፤ ያዘነበሉት ግን ጥቂት ናቸው። የቆመ ዐምድና የተኛ ወለል ያረጋጋል፤ ያዘነበለ ነገር ግን ሊወድቅ ነው ብሎ ልብን ያነሣሣልና።

ከሁሉም ይበልጥ የገረመን የተወው ነገር ነው። በ2022 ዓ.ም. በአምስተርዳም የሚገኘው የሪይክስ ሙዚየም ባለሙያዎች ወተት የምታንቈረቍረውን ሴት ሥዕል በልዩ ካሜራ መርምረው ነበር። ከላይኛው ቀለም ሥር፣ ከሴትዮዋ ራስ በስተኋላ፣ ማንቈርቈሪያዎች የተንጠለጠሉበት መደርደሪያ ተሥሎ አገኙ። ቬርሜር ጀምሮት ነበር፤ በኋላ ግን በነጩ ግድግዳ ቀለም ሸፈነው። ያ ባዶ ግድግዳ ከስንፍና የቀረ ሳይሆን ተለፍቶበት የተገኘ ባዶነት ነው። ይሁንና ፈጽሞ ባዶ አይደለም፤ አንድ ሚስማር ከነጥላው፣ ሚስማር የተነቀለባቸው ትናንሽ ቀዳዳዎች፣ ከመስኮቱም አንድ የተሰበረ መስተዋት ይታያሉ። የኖረበት ቤት መሆኑ የሚታወቀው በእነዚህ ነው።

ሦስተኛው ነገር ቀለም ነው። በእኛ ዘመን ቀለም በጣሳ ተዘጋጅቶ ይገዛል፤ በሰፈራችን ስም የተጠራ የነፋስ ስልክ ቀለም ፋብሪካ መኖሩንም ሁላችን እናውቃለን። በቬርሜር ዘመን ግን ሠዓሊ ቀለሙን በድንጋይ ላይ ፈጭቶ ከዘይት ጋር ያዋሕደው ነበር። እርሱ የሚወደው ሰማያዊ ቀለም ላፒስ ላዙሊ ከሚባል ድንጋይ የሚገኝ ሲሆን፣ ድንጋዩም ከአፍጋኒስታን ተራሮች ይመጣ ስለ ነበረ ዋጋው እጅግ ውድ ነበር። ሌሎች ሠዓሊዎች በቍጠባ ይነኩት ነበር። ቬርሜር ግን በሴትዮዋ ሽርጥ ላይ ብቻ ሳይሆን በጥላና በነጭ ግድግዳ ውስጥ እንኳ ይቀላቅለው ነበር። የግድግዳዎቹ ጥላ ጥቁር ሳይሆን ቀዝቃዛና ለስላሳ የሆነው ስለዚህ ነው።

መከራውና ዕረፍቱ

እንዲህ ያለ ሥራ ግን በችኰላ አይሠራም። ቬርሜር ሃያ ዓመት በሚያህል የሥራ ዘመኑ የሣላቸው ዛሬ የሚታወቁት ሥዕሎች ሠላሳ ሰባት ያህል ብቻ ናቸው። ከነዚህም ብዙዎቹን የገዙት ፒተር ቫን ራውቨን የተባለ የደልፍት ሀብታምና ሚስቱ ነበሩ። ቬርሜር በባልንጀሮቹ ዘንድ የተከበረ ስለ ነበረ በ1662 እና በ1670 ዓ.ም. ከማኅበሩ አለቆች አንዱ ሆኖ ተመረጠ። ነገር ግን ክብር ዐሥራ አንድ ልጆች አይመግብም። ኑሮው የሚደገፈው በሥዕል ንግዱና በአማቱ ገንዘብ ነበር።

በ1672 ዓ.ም. የፈረንሳይ ንጉሥ ጦር ሆላንድን ወረረ። ሆላንዶችም ጠላትን ለማገድ የገዛ እርሻቸውን በውሃ አጥለቀለቁት። በጦርነት ጊዜ ሥዕል የሚገዛ ሰው ስለማይኖር የቬርሜር ገቢ ባንድ ጊዜ ቆመ። የራሱን ሥራ መሸጥ አልቻለም፤ ለንግድ የገዛቸውም የሌሎች ሥዕሎች በእጁ ቀሩ። በ1675 ዓ.ም. በጁላይ ወር ወደ አምስተርዳም ሄዶ አንድ ሺህ ጊልደር ተበደረ። በዚያው ዓመት በዲሴምበር ወር ከጤንነት ወደ ሞት በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ እንደ ተሸጋገረ ሚስቱ በኋላ ለዳኞች ባቀረበችው ጽሑፍ ገልጻለች። ከጭንቀቱ የተነሣ ነበር የሞተው ብላ ታምን ነበር። ዕድሜው አርባ ሦስት ዓመት ነበር። በደልፍት አሮጌው ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ።

ካታሪና የቀራት ልጆቿና ዕዳዋ ነበሩ። ከባለ ዕዳዎቹ መካከል ዳቦ ጋጋሪው ሄንድሪክ ቫን ባውተን ይገኛል። ቤተሰቡ በዱቤ የበላው ዳቦ ዋጋ ከስድስት መቶ ጊልደር በላይ ደርሶ ነበርና፣ በጃንዩዋሪ 1676 ዓ.ም. ሁለት የባሏን ሥዕሎች በዕዳው ፈንታ ሰጠችው፤ ገንዘቡን ቀስ በቀስ ከከፈለች ግን ሥዕሎቹን ሊመልስላት ተስማማ። በወተቷ ሴት ሥዕል ላይ ያንን የሚያበራ ዳቦ ያየ ሰው ይህን ሲያነብ ማዘኑ አይቀርም። ያን ዳቦ እንዲህ አድርጎ የሣለው ሰው፣ ለልጆቹ ዳቦ የሚከፍለው አጥቶ ሞቷልና።

ካታሪና አንዱን ሥዕል ግን አጥብቃ ይዛ ነበር። እርሱም ሠዓሊ ጀርባውን ለእኛ ሰጥቶ አንዲት ሴት ሲሥል የሚታይበት ትልቁ ሥራ ነው። ባለ ዕዳዎቹ እንዳይወስዱባት ለእናቷ በውል አስተላለፈችው። ይህ ሥዕል ዛሬ በቪየና ሙዚየም ይገኛል። በ1676 ዓ.ም. በሴፕቴምበር ወር ከተማው የሟቹን ንብረት የሚያጣራ ሰው ሾመ፤ ይህም ሰው በሥነ ሕይወት ትምህርታችን የምናውቀው፣ በማይክሮስኮፕ ረቂቃን ሕዋሳትን ያየው አንቶኒ ቫን ሊውንሁክ ነው። ሊውንሁክና ቬርሜር በአንድ ከተማ፣ በአንድ ዓመት፣ በጥቂት ቀናት ልዩነት የተጠመቁ ነበሩ። አንዱ በውሃ ጠብታ፣ ሌላው በመስኮት ብርሃን ውስጥ፣ ሌላ ሰው አልፎት የሚሄደውን ነገር ቆመው ተመለከቱ።

ከመረሳት ወደ ዝና

በ1696 ዓ.ም. በአምስተርዳም ሃያ አንድ የቬርሜር ሥዕሎች በጨረታ ተሸጡ፤ የወተቷ ሴት በ175 ጊልደር ሄደች። ከዚያ በኋላ ከደልፍት ውጭ ስሙ እየደበዘዘ ሄደ፤ አንዳንድ ሥራዎቹም በሌሎች ሠዓሊዎች ስም ይሸጡ ነበር። ቶሬ ቡርገር የተባለ ፈረንሳዊ ጸሐፊ ሥራዎቹን ከአገር አገር ፈልጎ፣ በ1866 ዓ.ም. ስለ እርሱ ጽፎ ባሳተመ ጊዜ ዓለም እንደገና አወቀው። እንዲያም ሆኖ በ1881 ዓ.ም. የዕንቍ ጕትቻ ያደረገችው ልጅ ሥዕል በጨረታ የተሸጠችው በሁለት ጊልደርና በጥቂት ሳንቲም ነው። በ2023 ዓ.ም. ሪይክስ ሙዚየም ከሥዕሎቹ ሃያ ስምንቱን ሰብስቦ ባሳየ ጊዜ ግን ከስድስት መቶ ሺህ በላይ ሰዎች ሊያዩ ጐረፉ። የዳቦ ዕዳ ያስጨነቀው ሰው ይህን አላየም።

እኛስ ምን ተማርን

የአገራችን የጥንት ሠዓሊዎች በዚህ በርቀት ሕግ አልሠሩም። በቤተ ክርስቲያኖቻችን ግድግዳ ላይ ቅዱሳኑ በሁለት ዓይናቸው ወደ እኛ ይመለከታሉ፤ የከበረው ሰው ቢርቅም ትልቅ ሆኖ ይሣላል። ይህ ካለማወቅ የመጣ ሳይሆን የሥዕሉ ዓላማ ሌላ ስለ ሆነ ነው፤ እነርሱ የሚያሳዩት ክብርን ነው፣ ቬርሜር የሚያሳየው ደግሞ አንድ ሰው ከአንድ ቦታ ቆሞ የሚያየውን ነው። በዘመናችን የነበሩት አፈወርቅ ተክሌም በአፍሪካ አዳራሽ በሠሩት የመስተዋት ሥዕል በመስኮት የሚገባ ብርሃን ምን ያህል ኃይል እንዳለው ለከተማችን አሳይተዋል። እኛ ተማሪዎች ከሁሉም መማር እንችላለን።

ታሪኩን አንብበን ከጨረስን በኋላ ቀድሞ የሣልናቸውን ሥዕሎች አውጥተን ተመለከትናቸው። አብዛኞቹ ጠረጴዛዎቻችን ወደየራሳቸው ነጥብ ያመሩ ስለ ነበሩ ስኒዎቹ ተንሸራተው ሊወድቁ ይመስሉ ነበር። አንዱ ጓደኛችን የእናቱን የቡና ሥርዓት ሲሥል ቴሌቪዥኑን፣ ሶፋውን፣ የቀን መቍጠሪያውን፣ የግድግዳ ሰዓቱንና ሦስት ወንድሞቹን ሁሉ አስገብቶ ነበር። መምህራችን ከዚህ ሁሉ መካከል እንድናይለት የፈለገው የትኛውን እንደ ሆነ ጠየቁት። ብዙ ካሰበ በኋላ የእናቱን እጆች ናቸው አለ።

ከዚያ በኋላ በክፍላችን ሰሌዳ ላይ ሚስማር መትተን በጠመኔ የታሸ ሲባጎ አሰርንና የመማሪያ ክፍላችንን ሣልን። መስኮቶቹ፣ ዴስኮቹና የወለሉ መስመሮች ሁሉ ወደ አንዲት ነጥብ ሲሄዱ ባየን ጊዜ ደስታችን ታላቅ ነበር። ጓደኛችንም ወደ ቤቱ ሄዶ እንደገና ሣለ። በዚህ ጊዜ አንድ መስኮት፣ አንድ ረከቦት፣ ባዶ ግድግዳ፣ ጀበና የያዙ ሁለት እጆችና በግድግዳው ላይ የቀረ አንድ ሚስማር ብቻ አሉ። ወንድሞቹ በሥዕሉ የሉም፤ ሲሥል ግን ከበስተኋላው ኳስ ሲመቱ እንደ ነበሩ ነግሮናል። ይህን ሥዕል በኤግዚቢሽኑ መግቢያ በስተግራ በኩል ታገኙታላችሁ።

ወላጆቻችንን አንድ ነገር እንለምናለን። ለልጅ የሚሆን ክፍል በቤት ውስጥ ባይኖር አናዝንም፤ ቬርሜርም የኖረው በአማቱ ቤት ነበር። ነገር ግን ልጃችሁ ወረቀትና እርሳስ ይዞ ከመስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ ባያችሁት ጊዜ፣ ሥራ ፈትቶ እንደ ሆነ አድርጋችሁ አትቍጠሩት። ብርሃኑ ከዚያ ግድግዳ ላይ እስኪያልፍ ድረስ አንድ ሰዓት ብትተዉት፣ በቤታችሁ ውስጥ እናንተም ያላያችሁትን ጸጥታ አግኝቶ ሊያሳያችሁ ይችላልና።